የተዛወረው ቆርኬ

ቆርኬ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ከልክ በላይ የረዘመ የሜዳ እንስሳ ነው። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ሲሆን በቅርብ ላየው ነጫጭ ፀጉር ጣል ጣል ያለበት ነው፤ ትከሻውና የፊት እግሩ የላይኛው ክፍል ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል። ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው፤ ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ላይ ይታጠፋል። መልከ ጥፉ ነው የሚሉት አይጠፉም፤ በሜዳ ላይ ሲጋልብ ያየው ግን እንዲህ ብሎ አይደፍርም። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው፣ ስሙን ከአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ያገኘው ዝርያ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። ቀድሞ ከስምጥ ሸለቆ አንሥቶ እስከ ሰሜን ሶማሊያ ሜዳ ድረስ በትልልቅ መንጋ ይግጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው የደስታ በሽታ ቆርኬንም አጨደው፤ ከዚያ ጠመንጃ መጣ፣ ከጠመንጃው በኋላ ማረሻ። ለጎጃም አንባቢ በቦታ የሚቀርበው የቆርኬ ዘመድ ቶራ ነው። እሱም በሰሜን ምዕራብ ቆላ ይኖር የነበረ፣ አሁን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ከጥፋት አፋፍ ከደረሱት ተርታ የተጻፈ ነው።

ቆርኬን እዚህ ያነሣሁት ለመልኩ ብቻ አይደለም። በአገራችን የዱር እንስሳ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ፈተና ያለፈበት እንስሳ ስለሆነ፣ የፈተናውም ውጤት ዛሬ ሊነበብ ስለሚችል ነው። ከሻሸመኔ በስተ ምዕራብ፣ አጄ ከተማ አጠገብ ያለው የሰንቀሌ መጠለያ የተከለለው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ በተለይ ለዚህ እንስሳ ተብሎ ነው። ስፋቱ ዛሬ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ዝርያ የመጨረሻ መሸሸጊያ ጠባብ ነው፣ ዙሪያውም እርሻና የግጦሽ መሬት ነው። እንስሳውን በዚህች ጠባብ ሜዳ ብቻ ማስቀመጥ አደጋ አለው ተብሎ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ወደ 200 የሚጠጉ ቆርኬዎች ተይዘው ከፊሎቹ ወደ አዋሽ፣ ከፊሎቹ አርባ ምንጭ አጠገብ ወዳለው ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተወሰዱ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ የሚነቀፍ አልነበረም። ሁለቱም ፓርክ ነው፣ ሁለቱም የሣር ሜዳ አለው፣ ሁለቱም ከሰንቀሌ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ አዋሽ የገቡት አለቁ። የነጭ ሣሮቹ ቀስ በቀስ እየመነመኑ ሄደው በ2010 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ አጥኚዎች ሲቆጥሩ ወደ ደርዘን ወርደው ነበር።

በዚያው ዘመን ከቦታቸው ያልተነሡት ምን ሆኑ? ሰንቀሌም መከራውን አይቷል። በ1991 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ሲወድቅ ጠባቂ ጠፋ፣ መሣሪያ በየሰው እጅ ገባ፣ የአካባቢው ሰው ቀድሞ የሚያግጥበትን መሬት በቅያሜ መልሶ ያዘ፣ በሺዎች ይቆጠር የነበረው መንጋ ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። ሆኖም ጥበቃው ሲመለስ መንጋው አገገመ፤ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራል። በደቡብ በ2005 (እ.ኤ.አ.) በተቋቋመው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ሌላው መንጋም ማንም አምጥቶ ያላስገባው የአገሩ ተወላጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ የስዌይን ቆርኬ በደህና ቆሞ የሚገኘው ድሮም በነበረባቸው ሁለት ቦታዎች ሲሆን፣ በመኪና ተጭኖ በገባባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱን አጥቷል፣ በሌላው ጥላው ብቻ ቀርቷል። የ1991ዱ ግርግር ነው ያጠፋቸው የሚል ካለ፣ ያው ግርግር ሰንቀሌንም መትቷል፤ ልዩነቱ አንዱ ተመትቶ መነሣቱ ነው። አንድ ነገር ግን ለተቃዋሚዬ መስጠት አለብኝ። ሰንቀሌ የተነሣው ከብዙ ስለ ጀመረ ነው፤ የተዛወሩት በየቦታው ከመቶ የማይርቁ ስለ ነበሩ አንድ ክፉ ዓመት ይበቃቸው ነበር። ይህ ግን ማዛወርን የሚደግፍ ነጥብ አይመስለኝም። መንጋን ከፍሎ ትናንሽ አድርጎ መበተን የዝውውሩ የራሱ ባሕርይ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ቆርኬ እንዴት እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል። የሚግጠው ሣር ብቻ ነው፤ ቅጠል ቀንጥቦ አይውልም። አውራው የራሱን ግዛት ይይዛል፣ ኩይሳ ላይ ወይም ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፣ የመጣበትን ይገጥማል። እናቲቱ በዓመት አንድ ጥጃ ብትወልድ ነው፤ ጥጃውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመንጋው ጋር አይሮጥም፣ ረጅም ሣር ውስጥ ተኝቶ ይደበቃል። እንግዲህ ሜዳው በከብት ተግጦ ቢመለጥ ጥጃው መደበቂያ ያጣል። ሜዳው በቁጥቋጦ ቢወረር ደግሞ እናቲቱ ጅብና ነብርን ከሩቅ የምታይበት ገላጣ ይጠፋባታል፣ ሣሩም ይሳሳል። በነጭ ሣር የደረሰው ሁለቱም ነው። በፓርኩ ውስጥ የሚግጠው ከብት በዝቷል፣ ስሙን ለፓርኩ የሰጠው ሜዳ ደግሞ በግራርና በእሾሃማ ቁጥቋጦ ተወሯል። ቆርኬውን ያመጡት ሰዎች ያመጡት እንስሳውን ነው። ግዛቱን፣ የጥጃ መደበቂያውን፣ መንጋው ለትውልድ የለመደውን ውኃ መውረጃ ግን በመኪና ላይ መጫን አይቻልም።

ይህ የእኛ አገር ድክመት ብቻ ነው እንዳይባል፣ ገንዘብም ባለሙያም ሞልቶ የተረፈበትን አገር እንይ። በአሜሪካ ምዕራብ የሞሃቬ በረሃ ኤሊ አለ፤ በ1990 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበ። ይህ ኤሊ ዕድሜውን ከሞላ ጎደል የሚያሳልፈው በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ለመራባት ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ውኃን በፊኛው ውስጥ አጠራቅሞ ድርቁን ያልፋል። ሰው አንሥቶ ቢያስደነግጠው ያንን ውኃ ይለቅቃል፣ በበጋ ከሆነ ይህ ብቻውን ሊገድለው ይችላል። በረሃው ደግሞ ለጦር ልምምድና ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተፈላጊ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ፎርት ኧርዊን የተባለው የጦር ካምፕ ሲሰፋ ከ500 በላይ ኤሊዎች ተለቅመው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የባሕር ኃይል እግረኛው ጦር ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን በሄሊኮፕተር አጓጓዘ። በኤሊዎቹ ጀርባ የሬዲዮ ምልክት ሰጪ ተለጥፎ፣ ደማቸው ተመርምሮ፣ ቦታው በካርታ ተመርጦ ነበር። ከቡሬ ገበያ በሬ ገዝቶ ወደ ሩቅ ቀበሌ የነዳ ገበሬ በሬው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወዴት እንደሚያመልጥ ያውቃል፤ ኤሊዎቹም እንዲሁ ፊታቸውን ወደ ድሮ ጉድጓዳቸው አዙረው ብዙ ኪሎ ሜትር ተጓዙ። በ2008ቱ ዝውውር ወቅት ድርቅ ጥንቸሎችን ስላሳሳ ኮዮቴ የተባሉት የቀበሮ ዘመዶች ኤሊ መብላት ጀመሩ፣ ፎርት ኧርዊንም ዝውውሩን ለማቆም ተገደደ።

የማዛወር ደጋፊዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ክርክር አላቸው፣ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ኮዮቴዎቹ የበሉት የተዛወሩትን ብቻ ሳይሆን የቦታውን ነባር ኤሊዎችም ጭምር ነው፤ ሌሎች ጥናቶችም የተዛወሩት ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከነባሮቹ ብዙም እንደማያንስ አሳይተዋል። እውነት ነው። ግን በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የዘረመል ጥናት ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ በሕይወት አሉ፣ ይወልዳሉ ወይ? ከዝውውሩ ከአራት ዓመት በኋላ ከተመረመሩት ጫጩቶች መካከል ከተዛወረ ወንድ የተወለደ አንድም አልተገኘም። አባታቸው የታወቀው ጫጩቶች ሁሉ ከቦታው ነባር ወንዶች የተወለዱ ነበሩ። የተዛወረው ወንድ ይበላል፣ ይራመዳል፣ የሬዲዮው ምልክትም ይሰማል፣ ሪፖርቱም «ተርፏል» ብሎ ይጽፈዋል፤ ለዝርያው ግን እንደሌለ ነው። ሰባ ዓመት በሚኖር እንስሳ ዘንድ ይህን ዓይነቱን ኪሳራ ለማየት የሰው ትዕግሥት አይበቃም፤ ባለ ፋብሪካውም ባለ ካምፑም ከዚያ በፊት ሥራውን ጨርሶ መሬቱን ተረክቧል።

ማዛወር ሠርቶ አያውቅም ወይ? ሠርቷል፣ የሠራበትንም ማየት ይጠቅማል። የሩዋንዳው አካጌራ ፓርክ ከአገሩ የዘር ማጥፋት እልቂት በኋላ አንበሳውን ሙሉ በሙሉ አጥቶ ነበር፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) አንበሶች፣ በ2017 ጥቁር አውራሪሶች ገብተው ዛሬ ይራባሉ። ነገር ግን እንስሳቱ ከመምጣታቸው በፊት በ2013 በፓርኩ ድንበር ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ታጥሮ፣ አዳኝ ተቀንሶ፣ ከዙሪያው ሕዝብ ጋር የገቢ መጋራት ስምምነት ተደርጎ ነበር። የዐረቢያው ኦሪክስ ተቃራኒውን ያሳያል። ከዱር ጠፍቶ በአሜሪካ መካነ እንስሳት የተረባው ኦሪክስ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኦማን በረሃ ተመልሶ በ1990ዎቹ አጋማሽ 450 ደርሶ ነበር። ከዚያ አዳኝ ገባ፣ ቁጥሩ ወደ 65 ወረደ፣ መንግሥትም ለነዳጅ ፍለጋ ሲል የጥበቃ ክልሉን ስፋት በ90 በመቶ ቀነሰ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ቦታውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው፤ ከመዝገቡ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቦታ ነው። እንስሳው ያው ነው፣ የማጓጓዙ ጥበብም ያው ነው። አካጌራ ላይ የተሳካው፣ ኦማን ላይ የፈረሰው መሬቱ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከገበሬው ነው፦ መሬት የለንም፤ ለቆርኬ ሣር ሲባል የእኔ ላም ትራብ? በምዕራብ ጎጃም ለዚህ ጥያቄ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ተዳፋቱ ሁሉ ታርሷል፣ ዱሩ የቀረው በዓባይ ሸለቆ ገደላ ገደልና በየደብሩ ቅጥር ነው። መልሱ ሰውን ማስነሣት ነው የሚሉ አሉ። በሰሜን ተራራዎች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከ400 በላይ አባወራዎች ከግጭ ቀበሌ ወጥተው በደባርቅ አጠገብ ሰፈሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ግን ለእንስሳ የማንፈቅደውን ለሰው አዘውትሮ መፍትሔ ማድረግ አሳፋሪ ነው፣ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ የተያዘ መሬትም በመጀመሪያው ግርግር ምን እንደሚሆን ሰንቀሌ አሳይቷል። የተሻለው ምሳሌ በመንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰው በቄሮ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲፈቀድ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ያጭድ፣ የደፈረውን ይቀጣ ነበር። የ1975ቱ (እ.ኤ.አ.) የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም የአካባቢው ሰው ጥበቃውን ጨርሶ አልተወም፤ ቀይ ቀበሮም እስካሁን እዚያው አለ፣ ማንም ወደ ሌላ ተራራ ላውሰደው ሳይል። በጓሳ ሣሩ የሚጠበቀው ለቀበሮ ተብሎ ሳይሆን ሰው ስለሚፈልገው ነው፣ ቀበሮው በዚያ ጥላ ያድራል። ሰንቀሌ ላይም የአርሲ ገበሬ በወራቱ ሣር አጭዶ ወደ ቤቱ የሚወስድበት ቁርጥ ያለ ውል ቢኖረው ከዘበኛው ጠመንጃ ይልቅ ቆርኬውን ይጠብቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ግድብ የሚያጥለቀልቀው ወይም ፋብሪካ የሚያርፍበት መሬት ይኖራል፤ ቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክን የመሰሉ ሥራዎች መሬት ይፈልጋሉ፣ ይህን መካድ አይቻልም። እንዲህ ያለ ጊዜ እንስሳውን ማንሣት ከመስጠሙ ይሻላል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያም ይህን አይከለክልም፤ የሚጠይቀው እንስሳውን ያጠፋው ምክንያት በአዲሱ ቦታ አለመኖሩ እንዲረጋገጥ፣ ክትትሉም ለዓመታት እንዲቀጥል ነው። ችግሩ «እናዛውራቸዋለን» የሚለው ቃል የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ከተወሰነ በኋላ ለማጽናኛ መሆኑ ላይ ነው፤ በቆሎ የሚያጠፋ ጦጣ ተይዞ ሌላ ጫካ ይለቀቅ ሲባልም ስለዚያኛው ጫካ ጦጣዎችና ስለዚያኛው ገበሬ በቆሎ የሚጠይቅ የለም። ወደ ነጭ ሣር ተጨማሪ ቆርኬ ይወሰድ የሚል ሐሳብ ሲነሣ እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ መኪና መከራየት መሆን የለበትም። ቁጥቋጦው ከሜዳው ይመንጠር፣ ከብቱ የት እንደሚግጥ ከባለቤቶቹ ጋር ይስማማ፣ የቀሩ ካሉ ጥጃ ያሳድጉ እንደሆነ በተከታታይ ክረምቶች ይታይ። ጥጃው ካደገ የሚመጣው ይመጣል፤ ካላደገ ከሰንቀሌ የሚነሣው እያንዳንዱ እንስሳ ሰንቀሌን ማጉደል ብቻ ነው።