የቆየ አድራሻ ከንቱ ወጪ ነው

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ለመሐል ሜዳ፣ ለራቤል ወይም ለዓለም ከተማ ቸርቻሪዎች የዋጋ ዝርዝር በፖስታ የሚልክ አከፋፋይ የደንበኞቹን መዝገብ በየጊዜው ካላጠራ የኅትመቱም የቴምብሩም ወጪ በከንቱ ይቀራል።

አንደኛው ችግር ስም ነው። «ኃይሉ» ሌላ ጊዜ «ሀይሉ» ተብሎ ሲመዘገብ አንዱ ደንበኛ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ ሁለት ፖስታም ይላክለታል። አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናትና የአያት ስም መጨመር ይበጃል።

ሁለተኛው ቦታ ነው። «መንዝ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ መንዝ ማማ፣ መንዝ ጌራ፣ መንዝ ላሎና መንዝ ቀያ የተለያዩ ወረዳዎች ናቸው። ወረዳውና ከተማው ለየብቻ ይጻፉ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 በመሆኑ ጥር ላይ ለደንበኞች ደውሎ በሥራ ላይ ያለውንና የለቀቀውን መለየት ይቻላል። ተመልሶ የመጣ ፖስታ ሲገኝ ደግሞ በዕለቱ ተጣርቶ መዝገቡ ይታረም።

ጉዳዩ የወጪ ብቻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ትክክለኛነቱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል።