ወርቅማዋ ዓሣ አልረሳችም

ቆቦ፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠናል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን አዲስ ተከታታይ ድራማ ይዟል። የመግቢያው ሙዚቃ እንኳ ሳያልቅ አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «ኧረ ተዉን፣ ‹ሰው ለሰው›ን አይተን ይሄን እንይ?» አሉ። ክርክሩ ተነሣ። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቶ ካበቃ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ግን ያን ቀን አብሮን ቡና የሚጠጣ ያህል ስሙ ይነሣ ነበር። በመሀል አንድ ወጣት ስልኩን አወጣ። «አያ፣ ድራማው ምንም አላጠፋ። በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ስልክ አእምሯችንን አበላሽቶት ትኩረታችን 8 ሰከንድ ደርሷል። ወርቅማ ዓሣ እንኳ 9 ሰከንድ አላት።» ሰዉ ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ክርክሩም እዚያው ተዘጋ።

መዘጋት አልነበረበትም። ይህን ወሬ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፣ በሥልጠና አዳራሽ ሰምቼዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ቆቦ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ቁጥሩ ዓለምን የዞረው የማይክሮሶፍት የካናዳ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ለማስታወቂያ ሰዎች ባወጣው ጽሑፍ ነው። ኩባንያው ራሱ ለክቶ አላገኘውም፤ ከአንድ የቁጥር መሰብሰቢያ ድረ ገጽ ቀድቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቢቢሲ ጋዜጠኛ ድረ ገጹ በምንጭነት የጠቀሳቸውን ተቋማት ቢጠይቅ፣ ለቁጥሩ መነሻ የሚሆን ጥናት አለኝ ያለ አልተገኘም። ደግሞስ ትኩረት እንደ ቁመት አንድ ልክ አለው እንዴ? ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ የራያ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት ዓይኑን ከማሳው አይነቅልም። ያው ልጅ ክፍል ውስጥ በ10 ደቂቃ ሊያንቀላፋ ይችላል። የትኛው ነው የእሱ ትኩረት?

ወሬውን የሚያፈርስ ሌላም ነገር አለ። «ሰው ለሰው» ራሱ ሲጀምር «‹ገመና›ን አያክልም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ያኔ እዚህ አካባቢ በጣት የሚነካ ስልክ የያዘ ሰው ማግኘት ብርቅ ነበር። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲመጣ «‹ሰው ለሰው›ን የት አግኝቶት» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች፣ ዛሬ በአዲስ ድራማ ሲያዝኑ «እረኛዬ»ን በመለኪያነት ያመጣሉ። ቅሬታው ከስልኩ በፊት ከነበረ፣ ስልኩ ሊወልደው አይችልም።

ታዲያ የድሮው ድራማ ለምን የተሻለ ይመስላል? ቀላል ቀላሉን ምክንያት ቶሎ ልለፈው። ያኔ አማራጩ ጥቂት ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ገና አልመጣም ነበር፤ ስለዚህ በማግስቱ ገበያው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነበር። ሰው በወጣትነቱ ያየው ነገር ከሌላው ዕድሜው ይልቅ ጎልቶ እንደሚቀርም በብዙ ጥናት ታይቷል። ከዚያ ደግሞ ምርጫ አለ። የራያ ገበሬ ማሽላው ሲደርስ ማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ ለዘር የሚሆነውን ራስ ይመርጥና ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። ከወራት በኋላ የመጣ እንግዳ የተሰቀለውን ብቻ አይቶ «የዓምናው ማሳ እንዴት ያለ ነበር!» ሊል ይችላል። ወፍ የጨረሰውን፣ አቀንጭራ ያቀጨጨውን አላየውም። ካለቀ ድራማ የምናየው ከምድጃ በላይ የሰቀልነውን ነው፤ አዲሱን ግን ከነአቀንጭራው ነው የምናየው።

ይህ እውነት ነው፤ ግን የተሰቀለው ማሽላ ራሱ አይለወጥም። ትውስታ ይለወጣል። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ወደዚህ ለመድረስም ያቺን የተሰደበች ዓሣ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በርናርድ አግራኖፍ ወርቅማ ዓሦችን ያሠለጥን ነበር። ብርሃን ሲበራ ወደ ገንዳው ሌላኛው ወገን ያልተሻገረ ዓሣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኘዋል። ዓሦቹ ተማሩ፤ ከቀናት በኋላም አልረሱም፤ ዓሣ ቶሎ ትረሳለች የሚለው ተረት እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ አግራኖፍ ፕሮቲን መሥራትን የሚያግደውን ፑሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ከሥልጠናው እንደወጡ ወዲያው ወጋቸው። ከቀናት በኋላ ትምህርቱ ጠፍቶ ተገኘ። መድኃኒቱ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ሲሰጥ ግን ትምህርቱ ከቦታው አልነቃነቅም አለ። አዲስ ትውስታ ለመቆየት ጊዜም ፕሮቲንም ይፈልጋል ማለት ነው፤ ገና ሲገባ ፈሳሽ ነው፣ ቆይቶ ይረጋል።

«ይረጋል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ይህን ሂደት በአማርኛ «ማጠናከር» የሚሉት አሉ። ቃሉ አይጥመኝም፤ ማጠናከር ቀድሞም ጠጣር የነበረን ነገር ይበልጥ ማበርታት ይመስላል። እዚህ ግን ነገሩ ከፈሳሽነት ወደ ቅርጽ ያለው ነገር ነው የሚሻገረው፤ ወተት ሲረጋ እንደሚሆነው። የወተቱ ምሳሌ ለ35 ዓመታት ያህል በቂ ነበር። እርጎ ተመልሶ ወተት እንደማይሆን ሁሉ፣ የረጋ ትውስታም ረግቶ ይቀራል ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደር ከጆሴፍ ለዱ ጋር በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሙከራ ምሳሌውን ሰበረው። አይጦች አንድ ድምፅ ሲሰሙ ንዝረት እንደሚከተል ተማሩ። ትምህርቱ ረጋ። በማግስቱ ድምፁን አንድ ጊዜ ብቻ አሰማቸውና ወዲያው ፕሮቲን መሥራትን የሚያግድ መድኃኒት አሚግዳላ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ሲሰማ የአይጦቹ ፍርሃት እጅግ ቀንሶ ታየ። ድምፁን ሳይሰሙ መድኃኒቱን ብቻ ያገኙት አይጦች ግን እንደቀድሞው ይፈሩ ነበር። ያን የረጋ ትውስታ እንደገና ፈሳሽ ያደረገው መታወሱ ነው። አንዴ ከተነሣ፣ ተመልሶ ለመቀመጥ እንደ አዲስ መርጋት ነበረበት፤ ይህን «ዳግም መርጋት» ልበለው።

ስለዚህ እርጎውን ትቼ ቅቤ ልውሰድ። የቆቦን ሜዳ የሚያውቅ ሰው የሰኔን ሙቀት አይረሳም። ቅል ውስጥ ያለ ቅቤ ከቀትር በኋላ ይቀልጣል፤ ሌሊት ነፋሱ ሲመጣ ይረጋል። በቀለጠበት ሰዓት አጠገቡ ኮሰረት ካለ የኮሰረቱን፣ ጭስ ካለ የጭሱን ሽታ ይዞ ይረጋል። በሚቀጥለው ቀን እንደዚያው። ከብዙ ቀን በኋላ ቀምሶ የትኛው ሽታ ከላሟ፣ የትኛው ከቤቱ እንደመጣ የሚለይ ሰው የለም፤ ሁሉም ቅቤው ነው።

አንድ ድራማ በ10 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይቀልጣል? መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ላመለጠው ሰው ያየው ይተርክለታል፤ የሰማው ደግሞ ለሌላው። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለው የካምብሪጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ደጋግመው የነገሩት እንግሊዞች ያልገባቸውን እየጣሉ፣ የውሃ እንስሳ አደኑን ዓሣ ማጥመድ እያደረጉ ወደራሳቸው ዓለም አመጡት። ያ ቡና ቤት ውስጥም አዛውንቱና አንድ እኩያቸው ስለ አንድ የ«ሰው ለሰው» ትዕይንት ሲያወሩ፣ አንዱ ውጭ ነው ሲሉ ሌላው ቤት ውስጥ ነው አሉ፤ ሁለቱም በዓይናቸው አይተዋል፣ ሁለቱም አልዋሹም። ከዚያ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያኔ ልጆቼ ሁሉ እዚሁ ነበሩ፤ ቤቱ ሙሉ ነበር» አሉኝ። ቆቦ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት የተመላለሰባት ከተማ ናት። ድራማውን ባስታወሱ ቁጥር ያ ሙሉ ቤት አብሮ ይቀልጣል፣ አብሮ ይረጋል። የትኛው አዲስ ድራማ ነው ከዚያ ቤት ጋር የሚወዳደረው?

አሁን የራሴ ሙያ በሆነው የትውስታ ጥናት ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። የአይጥ ፍርሃት የአዛውንት ናፍቆት አይደለም። በሰዎች ላይ የተሠሩት የዳግም መርጋት ሙከራዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ፍርሃትን አለዘበ የተባለ መድኃኒት በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲደገም ያው ውጤት ያልታየበት ጊዜ አለ። የታወሰ ሁሉ እንደማይቀልጥም እናውቃለን፤ የቆየና የጠነከረ ትውስታ እምቢ ይላል፣ አንዳንዱ የሚከፈተው ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥመው ብቻ ነው። አሮጌው ትውስታ አልተለወጠም፣ አዲስ ትውስታ ከጎኑ ተቀምጦ ጋረደው እንጂ የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ባርትሌት ያየው ለውጥ በዳግም መርጋት የመጣ ነው ለማለትም ገና ነው። ደግሞም «ሰው ለሰው» በእውነት የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ያልኩት አንድም ነገር ይህን አያስተባብልም። የምለው፣ ዛሬ በዓይናችን የምናየውንና ለዓመታት ሲቀልጥ ሲረጋ የኖረውን በአንድ ሚዛን አስቀምጠን ስናበቃ፣ ለልዩነቱ የማንንም ወጣት አእምሮ መክሰስ አንችልም ነው።

ወጣቱን ስልኩን እንዲያስቀምጥ አላልኩትም። አንድ ነገር እንዲያደርግ ግን ለመንኩት፦ የሚከታተለውን ድራማ እያንዳንዱን ክፍል እንዳየ፣ ማንም ሳያናግረው፣ ከ10 ስንት እንደሚሰጠው፣ ምኑ እንዳሰለቸውና የትኛው ትዕይንት የት ቦታ እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። ቀኑን ይጻፍበት፤ ፖስታ ውስጥ ያሽገው። ድራማው ካለቀ ከ5 ዓመት በኋላ ፖስታውን ሳይከፍት መጀመሪያ በቃሉ እንደገና ይገምግመው፤ ከዚያ ይክፈተው። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ «ለእኔም ወረቀት ስጡኝ» ብለው ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ።