ከውጭ የተላከው ቫይታሚንና የሐኪም መድኃኒታችሁ

«ቫይታሚን እኮ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ፋርማሲ ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ነገር ነው። ሌላ መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው በልኩ ቢወስደው ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። በየቀኑ የሚዋጥ የሐኪም መድኃኒት ላለው ሰው ግን ነገሩ ይለያል። በተለይ ሰዓቱ!

አንዲት እናት በቅርቡ ፌስታል ይዘው መጡ። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ወዲህ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ይወስዳሉ። አንድም ቀን አያስታጉሉም፤ ሆኖም የደም ምርመራቸው አልስተካከል ስላለ ሐኪማቸው መጠኑን ጨምሮላቸዋል። ፌስታሉ ውስጥ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ትልቅ ብልቃጥ ነበር። ጀርባውን ሳነበው አንዱ ፍሬ 600 ሚሊግራም ካልሲየም ይዟል።

«መቼ ነው የሚወስዱት እናቴ?»

«እንዳልረሳው ብዬ ጠዋት ከሆርሞኑ ጋር ነዋ።»

ካልሲየምና አይረን ሆድ ውስጥ ሆርሞኑን ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። እሳቸው ሳያጓድሉ ይውጣሉ፣ ሰውነታቸው ግን የተዋጠውን ያህል አያገኝም። ስለዚህ ሆርሞኑን ጠዋት 12 ሰዓት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ፣ ቁርስና ቡናውን ከ1 ሰዓት በኋላ (ቡናም ይሻማዋል)፣ ካልሲየሙን ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቀው ከምሳ ጋር እንዲያደርጉት ተነጋገርን። ወደ ሐኪማቸውም መልሼ ላክኋቸው። መጠኑ የተጨመረው ካልሲየሙ እየያዘው ስለነበር፣ አሁን ሰዓቱ ሲስተካከል ያው መጠን ሊበዛባቸው ይችላል። ምርመራው መደገም አለበት።

ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮችም ከካልሲየም፣ ከአይረንና ከዚንክ ጋር ሲዋጡ በተመሳሳይ መንገድ ይደክማሉ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪርም እንዲሁ። እሱ ካልሲየም ወይም አይረን ካለው ቫይታሚን 2 ሰዓት ቀድሞ፣ አለዚያም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። ከምግብ ጋር ከሆነ አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል። በጾም ቀን ግን ምግቡ የለም፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ሁለቱን በባዶ ሆድ አንድ ላይ እንዳይውጥ አደራ እላለሁ።

የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ዋርፋሪን ለምትወስዱ ደግሞ ጉዳዩ ቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው። ቫይታሚን ኬ ያለበት መልቲቫይታሚን ስትጀምሩ መድኃኒቱ ይደክማል፣ ስታቆሙት ይበረታል። ጎመንም በዚሁ ቫይታሚን የበለጸገ ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጎመን ሲበላ የከረመ ሰው ፋሲካ ሲገባ ወደ ሥጋና ዶሮ ሲዞር የዋርፋሪኑ ኃይል ሊጨምርና ደም ሊያደማው ይችላል። ጎመን ተዉ አልላችሁም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ የአይኤንአር (የደም መርጋት) ምርመራችሁን አታሳልፉ። ብዙ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢም ከዋርፋሪን ጋር ሲሆን የመድማት አደጋን ይጨምራል።

ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የምትወስዱ፣ ፖታሲየም ያለበትን ነገር ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ በደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምትን ያዛባል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ሊያሳስት ስለሚችል፣ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ ቀናት አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ፋርማሲ ስትመጡ ብልቃጡን ራሱን ይዛችሁ ኑ፤ ካልሆነም የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱት። «መልቲቫይታሚን ነው» ማለት ብቻውን አይበቃንም፣ ውስጡ ያለው ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያያል።

ይህን አንብባችሁ ደግሞ ሐኪም ራሱ ያዘዘላችሁን ቫይታሚን እንዳትጥሉ። ለቲቢ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ቢ6 የሚሰጠው መድኃኒቱ ነርቭ ጎድቶ እጅና እግሩን እንዳያደነዝዘው ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ታካሚም ቢ12ቱ ሊወርድ ይችላል፤ በተለይ የእንስሳት ተዋጽኦ ሳይበሉ ረጅም ጊዜ የምትጾሙ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ እንዲለካላችሁ ጠይቁ።