«ገመዱ ተበጠሰብኝ» ምክንያት ይሆናል?

ግልገል በለስ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ናት። እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ የዞን ከተማ ሰውን ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ቢሮ የሚያመላልሰው ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ነው። ባለቤቱ ሌላ፣ ሾፌሩ ሌላ የሆነ ባጃጅም ጥቂት አይደለም። ባለቤቱ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ባለሙያ ወይም እንደ እኔ የሕግ ሰው ሊሆን ይችላል። ምናልባትም የሚኖረው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። ሾፌሩ በየቀኑ የተስማሙበትን ገቢ ያስገባል፤ ባለቤቱ ይቀበላል። ስለ ጥገና የሚነሳው ባጃጁ ሲቆም ብቻ ነው።

አደጋ ሲደርስ ታዲያ ከሾፌሩም ከባለቤቱም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ገመዱ ተበጠሰብኝ»። በሕግ ሥራዬ ይህን ቃል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚነገረውም መብረቅ እንደወረደ፣ ማንም ሊያውቀው እንዳልቻለ ነገር ተደርጎ ነው። ለመሆኑ ገመድ በድንገት ይበጠሳል? ቢበጠስስ ከኃላፊነት ያድናል? ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሴ «አይ» ነው። ምክንያቴን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ገመዱ ምን እንደሆነ እንይ። መካኒኮቻችን «ካቮ» የሚሉት ይህ ገመድ ሁለት ክፍሎች አሉት። በውስጥ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ ሽቦ አለ፤ በውጭ ደግሞ ሽቦውን የሚያቅፍ፣ የሚተጣጠፍ ግን የማይጨመቅ ሽፋን አለ። እጅ ወይም እግር የውስጡን ሽቦ ሲስበው፣ ጉልበቱ በመታጠፊያዎች ሁሉ አልፎ ከሌላው ጫፍ ይደርሳል። በለንደን ይኖር የነበረው ኧርነስት ባውደን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ ዛሬም በብስክሌት፣ በሞተር ብስክሌት፣ በባጃጅና በጀልባ ላይ የሚሠራው በዚያው መርህ ነው።

ካቮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ዳዶ፣ ማርሚታ የሚሉትን ቃላት ያገኘነው ከጣሊያኖች ነው። የበለስ ሸለቆ ራሱ በ1978 ዓ.ም. በተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት የጣሊያን መሐንዲሶችን ሲያስተናግድ ነበር። ቃሉን ወርሰናል፤ የጥገና መመሪያውን የማንበብ ልማድ ግን አላዳበርንም። ዕውቀቱ ከጋራዥ ጋራዥ በአፍ ይተላለፋል፤ ሲተላለፍም ይሸራረፋል።

ባጃጅ ላይ የእግር ፍሬኑ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ቤንዚን መስጫው፣ ፍሪሲዮኑና ማርሹ ግን በገመድ ይታዘዛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ትኩረት የሚሻው የማርሹ ነው፤ ምክንያቱም ገመዱ አንድ ሳይሆን ጥንድ ነው። አንዱ ማርሹን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይስባል። በውጭ አገር ዓሣ አጥማጆች ትንንሽ የኤሌክትሪክ የጀልባ ሞተሮችን በእግር ፔዳል የሚመሩት በዚሁ ዘዴ ነው። በጣት ሲጫኑት አንደኛው ገመድ ስቦ ሞተሩን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ በተረከዝ ሲጫኑት ሌላኛው ወደ ግራ ይመልሰዋል። የጥንድ ገመድ ሕጉ አንድ ነው፤ ውጥረታቸው እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከላላ መሪውም ማርሹም ይዘገያል፤ ሁለቱም ከመጠን በላይ ከተወጠሩ ደግሞ ይከብዳሉ፣ ይበላሉም።

ጉዳዩ ለመተከል የባጃጅ ብቻ አይደለም። በዚያው ዞን በጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሐይቅ ዓሣ ለማስገርና ለመጓጓዣ ጀልባ ይጠራል። በመሪና በገመድ የሚታዘዝ የጀልባ ሞተር መካከለ ሐይቅ ላይ እንቢ ቢል፣ ወርዶ ዳር ይዞ መቆም የለም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። የገመዱ ጉልበትም ከክሮቹ ኅብረት ነው። ብዙውን ጊዜ ክሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን አይበጠሱም። መጀመሪያ አንዱ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደውም ገመዱ እጀታው ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ወይም በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ይከተላል። በዚህ መካከል ገመዱ ይናገራል። እጀታው ይከብዳል፤ ሲለቁት ቶሎ አይመለስም፤ ማርሽ ሲቀየር ይንቋቋል፤ ዛሬ የጠበቀው ነገ ይላላል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ዝናብ በሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ጭቃና ዝገት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል።

አደጋውም እንደ ገመዱ ይለያያል። የቤንዚን መስጫው ገመድ ሙሉ በሙሉ ቢበጠስ፣ የካርቡሬተሩ ሞላ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ ይመልሰዋል። የሚያስፈራው ሳይበጠስ ሲቀር ነው፤ የተነጠለች አንዲት ክር ሽፋኑ ውስጥ ተወትፋ ገመዱን ብትይዘው፣ እጅ ቢለቅም ሞተሩ አይለቅም። የፍሪሲዮኑ ሲበጠስ ባጃጁ ከገባበት ማርሽ አይላቀቅም፤ ሰው በተጨናነቀበት ገበያ ይህ ምን እንደሚያመጣ መገመት ቀላል ነው። ከማርሽ ገመዶች አንዱ ሲሄድ ደግሞ ማርሹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል።

መከላከያው ውድ አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ የእያንዳንዱን ገመድ ጫፍ በዓይን ማየት ይበቃል። አንዲት ክር እንኳ ተነጥላ ከታየች ገመዱ ይቀየራል፤ ቆርጦ ማሰር ወይም ማጣመም ጥገና አይደለም። ቀጥሎ ልቀቱን መመርመር ነው። ፍሪሲዮኑ መሳብ ከመጀመሩ በፊት እጀታው ሥር ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት፤ ትክክለኛውን ልክ የሚነግረው የአምራቹ መመሪያ ነው። ፈጽሞ ካልላላ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ አብዝቶ ከላላ ማርሹ ይንቋቋል። ለማስተካከል መጀመሪያ መቆለፊያው ዳዶ ይላላል፤ ከዚያ ማስተካከያው ቡሎን ወደ ውጭ ሲዞር ገመዱ ይጠብቃል፤ ወደ ውስጥ ሲዞር ይላላል። መጨረሻ ላይ ዳዶውን መልሶ መቆለፍ አይረሳም፤ ካልተቆለፈ ንቅናቄው በሳምንቱ ያላላዋል።

የማርሹን ጥንድ ማስተካከል የሚጀመረው ማርሹን ባዶ ላይ አድርጎ ነው። በእጀታው ላይ ያለው ምልክት ከባዶው ምልክት ጋር እስኪገጥም ሁለቱን እኩል ማጥበቅ ያስፈልጋል። የቤንዚን መስጫው ፈተና ደግሞ ቀላል ነው። ባጃጁ ቆሞ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ድምፁ ከፍ ካለ ገመዱ አጥሯል ወይም በተሳሳተ መንገድ አልፏል ማለት ነው።

ዘይት በተመለከተ፣ ቀጭን ንጹሕ ዘይት ከላይኛው ጫፍ ጠብ እያደረጉ ከታች ንጹሑ እስኪወጣ ማሳለፍ ነው። ከሞተር የተቀዳ አሮጌ ዘይት የብረት ብናኝ ስላለበት ገመዱን ይሞርደዋል። ውስጣቸው ፕላስቲክ የለበሰ ገመዶች ደግሞ ያለ ዘይት እንዲሠሩ የታሰቡ ሊሆኑ ስለሚችሉ የአምራቹን ምክር መከተል ይሻላል። ገመዱ ከጋለ ማርሚታ ጋር እንዳይነካካ፣ በጠባቡም እንዳይታጠፍ ማየትም ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የማሽን ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። አንቀጽ 2086 ደግሞ በሩን ይዘጋል። ባለቤቱ «ጥፋት የለብኝም»፣ «መንስኤው አልታወቀም»፣ «ልከላከለው አልችልም ነበር»፣ «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። የሚያድነው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ማስረዳቱ ነው። የተበጠሰ ገመድ ደግሞ የተጎጂው ጥፋት አይደለም። ባጃጁ ግልገል በለስ ላይ እግረኛ ቢገጭ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠው ባለቤት ኃላፊነቱ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ኢንሹራንስ ቢኖርም የሚከፍለው እስከ ተወሰነለት ጣሪያ ነው።

በወንጀሉ በኩል ነገሩ ይለያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ቸልተኝነት መኖሩ ግን መረጋገጥ አለበት። ገመዱ ለሳምንታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ ከሆነ፣ «አላወቅሁም» ማለት ሾፌሩን አያድነውም፤ ማወቅ ይገባው ነበርና። በየሳምንቱ ያየና ያደሰ ሰው ግን የሚናገረው ነገር አለው።

በመሆኑም ለባለቤቶች አንድ ምክር አለኝ። ከሾፌሩ ጋር ስትዋዋሉ ገቢውን ብቻ አትጻፉ። ገመድ ማን ይገዛል? በየስንት ጊዜው ይታያል? ለጥገና የቆመበት ቀን ገቢ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም? እነዚህን ጻፉ። የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ይመስለኛል። ቆሞ በዋለበት ቀን ገቢ የሚጠየቅ ሾፌር የተነጠለችውን ክር እያያት ይነዳል። በሕግ ፊት ግን ተጠያቂው እሱ ብቻ አይደለም። ዓመታዊው ምርመራም በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ገመዱ የሚበላው በቀሩት ቀናት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። ቸር እንሰንብት።