ያረጀው ጂንስ ከመጣሉ በፊት



ውድ የጀመዓችን እህቶችና ወንድሞች፣ የዓመቱ ትምህርት አልቆ ዶርም የምንለቅበት ቀን ሲደርስ በየኮሪደሩ ተጥሎ የሚታየውን ታውቁታላችሁ። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የአምና ሃንድአውት፣ አንድ እግሩ የጠፋ ነጠላ ጫማ። ከዚህ ሁሉ መሃል አንድም ዓመት ቀርቶ የማያውቅ ነገር አለ፤ ጉልበቱ የተቀደደ ወይም ወገቡ አልገባ ያለ ጂንስ ሱሪ። ባለቤቱ ወደ ቤተሰቡ ይዞት አይሄድም። እዚሁ ይጥለዋል፤ መጨረሻውም ገንዳ ነው።

እኔም እንደዚያ እጥል ነበር። ያስተወችኝ እናቴ ናት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደሴን ለቀን ወጥተን ስንመለስ ቤታችንን ባዶ ሆኖ አገኘነው። ፍራሹም፣ የትራስ ልብሱም፣ መጋረጃውም አልነበረም። አልሃምዱሊላህ፣ እኛ በሕይወት ተመልሰናል። እናቴ ዘመድ ቤት አስቀምጣቸው የነበሩትን ያረጁ ሱሪዎች ሰብስባ፣ ፈትታና አጥባ በእጇ ሰፋች። ከመንፈቅ በላይ የተቀመጥነው በእነዚያ መቀመጫዎች ላይ ነው። ዛሬ ሌላ ዕቃ ገዝተናል፤ ከዚያ ጊዜ ሳይቀደድ የቀረው ግን የጂንሱ ነው።

ለምን ሳይቀደድ እንደቀረ የገባኝ እዚህ ኮምቦልቻ ግቢ መጥቼ ስለ ጨርቅ ስማር ነው። ስለዚህ ከስፌቱ በፊት ስለ ጨርቁ ጥቂት ልበል፤ ጨርቁን ያወቀ ምን ሊሠራበት እንደሚችል ራሱ ይደርስበታል።

ጨርቁ ምንድን ነው?

ማንኛውም የተሸመነ ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ድሩ በቁመት የተወጠረው ክር ነው፤ ማጉ ደግሞ በወርድ የሚገባው። ነጠላ ወይም ጋቢ ሲሸመን ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ይሄዳል። በጂንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማጉ በሦስት ድሮች ሥር አልፎ በአንዱ ላይ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ረድፍ ደግሞ መውጫው አንድ ክር ፈቀቅ ይላል። ሱሪያችሁን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በጨርቁ ላይ ሰያፍ መስመር የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። በዚህ አሸማመን ክሮቹን በጣም አቀራርቦ መጠቅጠቅ ይቻላል። ለሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ግራም ሲመዝን የጂንስ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 450 ግራም ይመዝናል።

ቀለሙም ልዩ ነው። በኢንዲጎ የሚነከረው ድሩ ብቻ ነው፤ ማጉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የጂንስ ውስጡ ነጣ የሚለው ለዚህ ነው። ኢንዲጎ ደግሞ ወደ ክሩ እምብርት ጠልቆ አይገባም፤ ዙሪያውን ብቻ ይለብሳል። ጨርቁ ሲታሽ የላይኛው ቀለም ይረግፍና ነጩ እምብርት ብቅ ይላል። ስለዚህ የነጣ ጂንስ ሁሉ ያለቀ ጂንስ አይደለም። መንጣት ቀለም መሄዱን ነው የሚነግረን። ክሩ መሳሳት አለመሳሳቱን ለማወቅ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው፤ ብርሃን እንደ ወንፊት ካሳለፈ ያ ቦታ አልቋል።

ይህ ሱሪ የተጀመረው ለጉልበት ሥራ ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊና ሊቫይ ስትራውስ የተባለ ነጋዴ የኪሱን ጥግ በብረት ቁልፍ የማጠንከር ፈጠራቸውን አስመዘገቡ። ዛሬ የጂንስ ጨርቅ አገራችንም ይሠራል፤ ቢሾፍቱ ያለው የካኖሪያ አፍሪካ ቴክስታይልስ ፋብሪካ የሚያመርተው ይህንኑ ነው። የምንማርባት ኮምቦልቻም በ1970ዎቹ ከተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀምሮ በ2009 ዓ.ም. እስከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ የጨርቅ ከተማ ናት። ሆኖም አብዛኞቻችን የምንለብሰው ጂንስ ከውጭ የመጣ ነው፤ ብዙው ደግሞ ሰልባጅ። እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ዕድሜ ኖሮ ነው የመጣው።

ስንት ወጥቶበታል?

ሊቫይ ስትራውስ ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አንድ 501 የተባለው ሱሪው ጥጡ ከሚበቅልበት ጀምሮ ተለብሶ፣ ታጥቦ እስኪጣል ድረስ 3,781 ሊትር ውሃ እንደሚወስድ አስልቷል። በ20 ሊትር ጀሪካን ብናሰላው ወደ 190 ጀሪካን ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ባልዲ ይዞ የተሰለፈ ተማሪ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ስለ ኢስራፍ፣ ማለትም ስለ ማባከን፣ ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። ብዙዎቻችን ግን ነገሩን ከምግብና ከውዱእ ውሃ አናሳልፈውም። 190 ጀሪካን ውሃ የወጣበትን ጨርቅ አንዲት ቀዳዳ ስላለችበት ብቻ ገንዳ ውስጥ መጣልስ ከዚሁ አይደለም ወይ?

ከመቀስ በፊት

ይሁን እንጂ የተረፈንን ሱሪ ሁሉ መቁረጥም ሌላ ማባከን ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ የሚለበስ ከሆነ ይለበስ። ለእናንተ የጠበበው ለሌላ ሰው ልኩ ነው። አጥቦና ተኩሶ መስጠት ሰደቃ ነው። ሁለተኛ፣ የሚጠገን ከሆነ ይጠገን። ጉልበቱ ላይ ከውስጥ በኩል እራፊ ማድረግ ለልብስ ሰፊ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለቱም የማይሆን ከሆነ ያኔ መቀስ ይነሳ።

እዚህ ላይ «ስፌት የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሞች ለረጅም ዘመን ከሚታወቁባቸው ሙያዎች አንዱ ሽመና ነው፤ የአርጎባ ሸማኔዎችን ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። ድርና ማግ የአባቶቻችን እንጀራ ነበር፤ መርፌ መያዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ሱሪውን ማንበብ

ሱሪው በጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ቶሎ የሚያልቁት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ጉልበቱ፣ የጭኑ ውስጠኛ ክፍል፣ መቀመጫውና የታችኛው ቅምቅማት። ጤነኛ ጨርቅ የሚገኘው ከጉልበት በታች ባለው የባት ክፍል፣ በጭኑ ፊት ለፊት በውጭ በኩልና በኋላ ኪሶች ሥር ነው። ወገቡም ድርብ ጨርቅ ስለሆነ ከሁሉም ኋላ ነው የሚያልቀው።

ከመቁረጣችሁ በፊት በደንብ እጠቡት። ቀለሙ ያልለቀቀ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ከሆነ ለብቻው ይታጠብ፤ ከነጭ ጨርቅ ጋር ከተሰፋ ነጩን ያበላሻል። ከዚያ የውስጥ ምልክቱን አንብቡ። «100 በመቶ ጥጥ» የሚለውና ፖሊስተር የተቀላቀለበት አንድ ቦታ አይውሉም። ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው።

የድስት መያዣው ታሪክ

ሁለተኛ ዓመት ሆኜ ለእረፍት ቤት ስሄድ ለእናቴ የድስት መያዣ ሰፍቼ ወሰድኩላት። ከሚለጠጥ ሱሪ የተሠራ ነበር፤ ምልክቱን አላነበብኩም። እናቴ ደስ ብሏት በዚያው ቀን ከከሰል ላይ የጋለ ብረት ድስት አወረደችበት። ጨርቁ ሸተተ፤ ብረቱ ላይ ተጣበቀ፤ መዳፏም ውሃ ቋጠረ። አልተቆጣችም። በማግሥቱ ከዚያው ጨርቅ አንድ ክር መዝዛ በክብሪት አቃጠለችና አሳየችኝ። ክሩ እንደ ወረቀት መንደዱ ቀርቶ ተኮማተረ፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆነ። «ክር ስትገዛ ይህን ሳታይ ትገዛለህ?» አለችኝ። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የተማርኩትን እሷ ገበያ ላይ ታውቀው ኖሯል።

ፈተናው ይህ ነው፦ ከስፌቱ አጠገብ ትንሽ ክር መዝዛችሁ በወረንጦ ያዙ፤ ከደጅ፣ ውሃ የያዘ ሳህን ከሥር አድርጋችሁ አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፤ የሚቀረው ለስላሳ አመድ ነው። ከቀለጠና ጠንካራ ፍሬ ከሆነ ግን ወደ እሳት አይጠጋም። ድሩንም ማጉንም ለየብቻ ፈትኑ፤ ሰው ሠራሹ ክር ብዙ ጊዜ ያለው በማጉ በኩል ነው።

ለድስት መያዣ ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ጂንስ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ። በመሃላቸው ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ያረጀ የጥጥ ፎጣ ይግባ፤ ስፖንጅ አይሁን። ዙሪያውን ሰፍታችሁ መሃሉን በሰያፍ ስፉት። ሙቀቱን የሚከለክለው በጨርቁ መሃል የታመቀው አየር ነው። ስለዚህ እርጥብ መያዣ አትጠቀሙ፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ በእርጥብ ጨርቅ የተያዘ ድስት ወዲያው እጅ ያቃጥላል።

ሌሎች ሦስት ሥራዎች

የበር ሥር ነፋስ መከላከያ። የጦሳ ብርድ በበር ሥር ሲገባ የደሴ ቤት ምን እንደሚመስል የደሴ ግቢ ልጆች ታውቁታላችሁ። የሱሪው እግር ራሱ የተሰፋ ቱቦ ነው። ከጭኑ ሥር ቁረጡትና አንዱን ጫፍ ስፉ። ጉልበቱ ተቀዶ ከሆነ ከውስጥ እራፊ አድርጉለት። ለመሥሪያ የማይሆኑትን ቁርጥራጮች አድቅቃችሁ ሙሉበት። እንዳይንሸራተት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ደረቅ አሸዋ በጠንካራ ፌስታል አስራችሁ መሃሉ ላይ ክተቱና ሌላውን ጫፍ ዝጉት። በሩ ከእግሩ ርዝመት ከሰፋ ከሁለተኛው እግር ቀጥሉበት።

የዶርም ኪስ። ወገቡን ከነቀበቶ ማሳለፊያው ቁረጡ። ከሥሩ ያረጀ አንሶላ ወይም ጠንካራ ጨርቅ አንጠልጥላችሁ ስፉ። የሁለት ሱሪ የኋላ ኪሶችን ከነሥራቸው፣ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አስቀርታችሁ ቁረጡና በአንሶላው ላይ ደርድሯቸው። በቀበቶ ማሳለፊያዎቹ ውስጥ ዱላ አሳልፋችሁ ከተደራራቢው አልጋ ጎን ስቀሉት። ካልኩሌተር፣ መፋቂያ፣ ተስቢህ፣ ቁልፍ ሁሉ ቦታ አገኘ ማለት ነው። ስልክ ግን ቻርጅ እየተደረገ እዚያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ወፍራሙ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል።

መስገጃ። ከሦስት ወይም ከአራት ሱሪ ጤነኛ ቦታ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 45 ቁራጮች አውጡ። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ እያንዳንዱ 13 ይቀራል። በወርድ 5፣ በቁመት 9 ሲደረደር 65 በ117 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ይበቃል። የሁሉም ድር በቁመት ይሁን፤ አለበለዚያ ሲታጠብ በየአቅጣጫው ይሸበሸባል። ከሥሩ ያረጀ ብርድ ልብስ አድርጉበት። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጨርቅ ስለሆነ ጠሀራው ላይ ጥርጥር እንዳይኖር ከመቆረጡ በፊት በብዙ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ይገባል። ነጣ ያለውንና ጠቆር ያለውን እያፈራረቁ መደርደር ብቻውን ያምራል፤ ሰላት ላይ ዓይን የሚስብ ጌጥ አያስፈልገውም።

ስለ ስፌቱ

በስፌት መኪና ከሆነ 16 ቁጥር መርፌ ይግባበት፤ ቀጭን መርፌ ጂንስ ላይ ይሰበራል። ጥልፉን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አርዝሙት። ስፌት በስፌት ላይ ሲደራረብ እግር መርገጡን ትታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። መኪና ከሌለ ጠንካራ መርፌና በሰም የታሸ ድርብ ክር ይበቃል፤ የእናቴ መቀመጫዎች የተሰፉት እንዲሁ ነው። ቁልፎቹንና ዚፑን ፈትታችሁ አስቀምጡ፤ ለሌላ ሱሪ ይሆናሉ።

በአማርኛ እራፊ በእራፊ የሆነ ልብስ ድሪቶ ይባላል፤ ቃሉም ለድህነት መግለጫ ሆኖ ኖሯል። ቤታችን ባዶ በነበረበት ወቅት እኔም በእናቴ መቀመጫዎች አፍር ነበር፤ ሰው ሲመጣ አንሶላ አለብሳቸው ነበር። እናቴ አንሶላውን ታነሳውና «ይህ የለመንነው አይደለም» ትለኝ ነበር።

በዚህ ዓመት ዶርም ከመልቀቃችን በፊት በየብሎኩ አንድ ጆንያ እናስቀምጥ። ያረጀውን ጂንስ ከመጣል እዚያ እንክተተው። መጀመሪያ የሚለበሰውን ለይተን ለሚያስፈልገው እንስጥ፤ ከዚያ የሚጠገነውን እንጠግን፤ የቀረውን በእረፍት ቀናችን ተቀምጠን እንስፋ። የሠራነውን ለእናቶቻችን ይዘን እንግባ። የድስት መያዣ የምትሰፉ ግን ክሩን አቃጥላችሁ ሳታዩ እንዳትሰጡ።

አላህ በሰጠን ነገር በረካውን ያድርግልን፤ ከአባካኞችም አያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።