ሳይቃጠል በቅጠል ወይስ ያልጠረጠረ ተመነጠረ?

ሰሞኑን ከአንድ መሐንዲስ ወዳጄ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ስንጨዋወት ወሬያችን ከኑሮ ውድነት ተነስቶ አሜሪካ ደረሰ፡፡ የናሳ ተመራማሪዎች የሎስቶን በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ሥር የተኛውን ግዙፍ እሳተ ገሞራ ውኃ እያጠጡ ስለማቀዝቀዝ ያቀረቡትን ሐሳብ አነሳሁበት፡፡ ወዳጄ ዓይኑ በራ፡፡ «ምን ችግር አለው? የመኪና ራዲያተር ማለት እኮ ነው!» አለኝ፡፡ አጠገባችን ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና «ልጆቼ፣ ቢፈነዳስ ማን ይጠየቃል?» አሉን፡፡

መሐንዲሱ ሳቀ፡፡ ሕግ የተማርኩት እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፡፡ የአዛውንቱ ጥያቄ እንዲህ ያለ ዕቅድ በተነሳበት አገር ሁሉ ተራው ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ነው፡፡ ብዙ ጊዜ «ያልተማረ ሰው ፍርኃት» ተብሎ ይታለፋል፡፡ በእርግጥ ፍርኃት ብቻ ነው? እስቲ ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው፡፡

ዕቅዱ ምን ይላል?

የሎስቶን ባለፉት 2.1 ሚሊዮን ዓመታት ሦስት ጊዜ እጅግ ታላቅ ፍንዳታ አድርጓል፡፡ የመጀመሪያው ከ2.1 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ከ1.3 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው ከ640 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ነበር፡፡ የመጀመሪያው የተፋው አለትና አመድ 2,450 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ይገመታል፡፡ ጣና ሐይቅ የሚይዘው ውኃ 28 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያ አመድ ከ80 በላይ ጣናዎችን ይሞላ ነበር ማለት ነው፡፡ ዛሬ ቢደገም አደጋው በአሜሪካ ብቻ አይወሰንም፤ የዓለምን አየር አቀዝቅዞ እርሻን ሊያናጋ ይችላል፡፡

በካሊፎርኒያ የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ብራያን ዊልኮክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው ሐሳቡ መነሻው ይኸው ነው፡፡ ምድርን ከጠፈር ከሚወረወሩ አለቶች ስለመከላከል ሲመክር ቆይቶ፣ የእሳተ ገሞራው ሥጋት ከዚያ ይበልጣል ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ፡፡ መፍትሔ ያለው ከጎን በኩል እስከ 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት መቆፈርና በከፍተኛ ግፊት ውኃ ማስገባት ነው፡፡ ውኃው 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ይመለሳል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል፡፡ በሙቀቱ ኤሌክትሪክ ይመነጫል፡፡ የመነሻ ወጪው 3.46 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል፡፡ ሥጋትን ወደ መብራት የሚለውጥ ሐሳብ በመሆኑ የወዳጄ ዓይን ቢበራ አይፈረድበትም፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፡፡ ይህ በወረቀት ላይ ያለ የጥናት ሐሳብ ነው፤ በጀት ተመድቦለት የተጀመረ ፕሮጀክት አይደለም፡፡ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ራሱም ሁለት ነገሮችን አልደበቀም፡፡ ከላይ ወደ ታች ቢቆፈር የሚፈራውን ነገር ራሱ ሊቀሰቅስ እንደሚችል፣ ማቀዝቀዙም በዓመት አንድ ሜትር ያህል እየተጓዘ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ዓመታት እንደሚፈጅ ተናግሯል፡፡

የመጀመሪያው ጥርጣሬ፤ «ቢፈነዳስ?»

ብዙ ሰው እሳተ ገሞራን እንደተነፋ ፊኛ ያስበዋል፡፡ መርፌ የነካው ዕለት ጧ ይላል! ይህ ሥዕል ትክክል አይደለም፡፡ የሎስቶን ሥር ያለው አብዛኛው ጠጣር አለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት በላይኛው የማግማ ማከማቻ ቀልጦ የሚገኘው ከ16 እስከ 20 በመቶ ያህል መሆኑን አመልክቷል፡፡ ለታላቅ ፍንዳታ ግን ከ35 እስከ 50 በመቶ መቅለጥ ያስፈልጋል ተብሎ ይገመታል፡፡

ደግሞም ማግማ በቁፋሮ ተነክቶ ያውቃል፡፡ በሐዋይ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በአይስላንድ ክራፍላ በተባለው ቦታ በ2009 በ2.1 ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ በጎረቤታችን ኬንያም በሜኔንጋይ፣ የእንፋሎት ኃይል ፍለጋ የወጡ ቆፋሪዎች ሳያስቡት የቀለጠ አለት ላይ ደርሰዋል፡፡ መሣሪያቸው ተያዘ፣ ጉድጓዱ አስቸገረ እንጂ ተራራው አልፈነዳም፡፡

ታዲያ አዛውንቱ ተሳስተዋል ማለት ነው? በከፊል ብቻ፡፡ ቁፋሮው ፍንዳታ ባያመጣም በግፊት የሚገባው ውኃ ምድርን ሊያናውጥ ይችላል፡፡ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 ለጂኦተርማል ኃይል ተብሎ ውኃ ሲገባ በመጠን 3.4 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተነስቶ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ካሣ ተከፈለ፤ ፕሮጀክቱም ቀረ፡፡ በደቡብ ኮሪያዋ ፖሃንግ በ2017 ብዙ ሰዎችን ያቆሰለውን መንቀጥቀጥ ያነሳሳው እዚያው የነበረው የጂኦተርማል ፕሮጀክት መሆኑን መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2019 አረጋግጧል፡፡ እንግዲህ ሥጋቱ ከተረት የመጣ አይደለም፡፡ አዛውንቱ የሳቱት የአደጋውን ዓይነት ነው፡፡

ይህ ክርክር ከወረቀት ወርዶ አደባባይ የወጣው በጣሊያን ነው፡፡ ከኔፕልስ በስተ ምዕራብ ካምፒ ፍሌግሬ የሚባል ታላቅ እሳተ ገሞራ አለ፡፡ ሳይንቲስቶች እሳተ ገሞራውን ለማጥናት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊቆፍሩ አቀዱ፡፡ ቤኔዴቶ ዴ ቪቮ የተባሉ የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ ቁፋሮው አደገኛ ነው ብለው ተቃወሙ፡፡ ሕዝቡ ተሸበረ፣ የከተማዋ ከንቲባም እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን አስቆሙ፡፡ በ2012 አዲሱ ከንቲባ ሲፈቅዱ 501 ሜትር ተቆፈረ፡፡ ምንም አልሆነም፡፡ ዋናው ጥልቅ ጉድጓድ ግን ሳይቆፈር ቀረ፡፡ ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ውዝግብ የተነሳው እሳተ ገሞራውን ለመለወጥ ሳይሆን ለማጥናት ብቻ ለታሰበ ጉድጓድ ነው፡፡

ሁለተኛው ጥርጣሬ፤ «ማን ይጨርሰዋል?»

አለት ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ነው፡፡ የማቀዝቀዣው ውኃ በቀጥታ የሚነካው ጥቂት ስንጥቆችን ሲሆን ከጀርባ ያለው ሙቀት እየተንፏቀቀ ይመጣል፡፡ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዓመት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፡፡ ታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ከቆሙ ገና 2,000 ዓመት አልሞላቸውም፡፡ እነርሱን ያቆመው መንግሥት የለም፡፡ ይህን ያህል ዘመን ፓምፕ የሚጠግን፣ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት የትኛው ነው?

ጥልቀቱም ቀላል አይደለም፡፡ ሶቪየት ኅብረት በኮላ ልሳነ ምድር እ.ኤ.አ. በ1970 የጀመረችው ጉድጓድ 12,262 ሜትር ለመድረስ 20 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፡፡ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ያገደው የ180 ዲግሪ ሙቀት ነበር፡፡ ያውም እሳተ ገሞራ በሌለበት ቀዝቃዛና ጥንታዊ አለት ውስጥ!

በሌላ በኩል የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የየሎስቶንን ታላቅ ፍንዳታ ዕድል በዓመት ከ730,000 አንድ አድርጎ ይገምተዋል፡፡ እንዲህ ላለ ዕድል ዛሬ በሕይወት ያለውን ሰው አደጋ ላይ መጣል ተገቢ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነው፡፡

ሦስተኛው ጥርጣሬ፤ «በምን ይረጋገጣል?»

በሕግ ትምህርት ቤት ቀድመን ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ የማስረዳት ሸክም ነው፡፡ የሚለውን ነገር ማስረዳት ያለበት ባዩ ነው፡፡ የማቀዝቀዝ ዕቅድ ደጋፊ ግን ምን ብሎ ያስረዳል? ፍንዳታ ካልመጣ «በእኔ ሥራ ቀረ» ይላል፤ ሳይሠራም ሊቀር ይችል ነበር፡፡ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ደግሞ «ቦታው ድሮም ይንቀጠቀጣል» ማለት ይችላል፡፡ ሲሳካ የሚመሰገንበት፣ ሲበላሽ የማይጠየቅበት ሥራ ይሆናል፡፡

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል፡፡ የሕጉ ጥበብ ግልጽ ነው፤ አደጋውን የፈጠረ ዕዳውን ይሸከም፡፡ ነገር ግን ተከሳሹ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ትውልድ ከሆነ ማንን እንከሳለን?

የአሜሪካ ሕግም ዝም አላለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የጂኦተርማል አዋጅ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ እንዲህ ያለ የኃይል ልማት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል፡፡ ምክንያቱም ከልምድ ይታወቃል፡፡ ኒውዚላንድ በዋይራኬይ የእንፋሎት ኃይል ማመንጨት ስትጀምር በአካባቢው የነበሩት ዝነኛ ፍል ውኃ ፍንጥቅጣቂዎች ነጥፈዋል፡፡ የሎስቶን ከ10,000 በላይ ፍል ውኃዎችና የእንፋሎት መውጫዎች አሉት፡፡

በዚህ ላይ የመተማመን ጉዳይ ይጨመራል፡፡ በጣሊያን ላኲላ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ300 በላይ ሰዎች በመሬት መንቀጥቀጥ ሞቱ፡፡ ከአደጋው ቀደም ብሎ ሕዝቡን ያለ አግባብ አረጋግታችኋል የተባሉ ስድስት ሳይንቲስቶችና አንድ ባለሥልጣን በ2012 ተፈረደባቸው፡፡ ሳይንቲስቶቹ በ2014 በይግባኝ ነፃ ወጡ፡፡ ፍርዱ ተሻረ፤ የሕዝቡ ቅሬታ ግን በይግባኝ አይሻርም፡፡

ምሕንድስና ሲሠራ

ይህን ሁሉ ስል በመሐንዲሶች ላይ ለመፍረድ አይደለም፡፡ እሳተ ገሞራን በምሕንድስና መታገል ሁልጊዜ ከንቱ አልነበረም፡፡ በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ ሥር የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ. በ1986 በአንድ ሌሊት 1,700 ያህል ሰዎችን ገደለ፡፡ ከ2001 ጀምሮ ቧንቧ ተተክሎ ጋዙ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ተደረገ፡፡ አይስላንዳውያን በ1973 የሄይማኤይን ወደብ ሊዘጋ የመጣውን የቀለጠ አለት የባሕር ውኃ እየረጩ አዘግይተዋል፡፡

በኢንዶኔዥያ የኬሉድ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1919 ሲፈነዳ በአፉ ላይ የነበረው ሐይቅ ትኩስ ጭቃ ሆኖ 5,000 ያህል ሰው ፈጀ፡፡ ከዚያ በኋላ ዋሻ ተቆፍሮ ሐይቁ ተቀነሰ፡፡ በ1951 ሲፈነዳ የሞቱት ሰባት ብቻ ነበሩ፡፡ ነገር ግን ፍንዳታው ዋሻውን አበላሸው፣ ሐይቁም እንደገና ሞላ፡፡ በ1966 ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፡፡ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ የአሥር ሺህ ዓመቱን እናንተው አስቡት፡፡

ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ተራራውን አላሸነፉም፡፡ መጠኑ የታወቀ አንድ አደጋን ለይተው ያዙ፡፡ ውጤቱ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይታያል፡፡ ቢበላሽም ማን ሊጠግነው እንደሚገባ ይታወቃል፡፡

ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም

ዛሬ በካምፒ ፍሌግሬ ቀይ ቀጠና ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል፡፡ መሬቱ ከ2005 ጀምሮ እያበጠ ነው፡፡ በ2024 እና በ2025 ከመጠን 4 በላይ የሆኑ መንቀጥቀጦች ፖዙዎሊ ከተማን አናውጠዋል፡፡ በ2025 የወጣ አንድ ጥናት ግፊቱን የሚያባብሰው ከመሬት በታች ያለው ውኃና እንፋሎት መሆኑን ገልጾ፣ የዝናብና የከርሰ ምድር ውኃን በመቆጣጠር ማስታገስ ሊቻል እንደሚችል ሐሳብ አቅርቧል፡፡ ሐሳቡ አከራካሪ ቢሆንም ከየሎስቶኑ ይልቅ ለማስረጃ የቀረበ ነው፡፡ ውኃ ይለካል፤ የመሬት እብጠትም ይለካል፡፡

እኛም ብንሆን ከስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን የሩቅ ተመልካች መሆን አንችልም፡፡ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ወጥተዋል፡፡ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል፡፡ ለእነዚህ ሰዎች አስቀድሞ የሚያስፈልገው ተራራ የሚያቀዘቅዝ ፓምፕ ሳይሆን የሚሠራ የመለኪያ ጣቢያ፣ የመውጫ መንገድ፣ መጠለያና «ውጡ» ሲባሉ የሚያምኑት ሰው ነው፡፡ በፊሊፒንስ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈነዳ በሺህዎች የሚቆጠር ሕይወት የተረፈው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ተራራውን ያስቆመው አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን ቀድመው ወጡ፡፡

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»ም ብለዋል፡፡ ሁለቱ አይጋጩም፡፡ አስቀድሞ መከላከል ደግ ነው፤ ቅጠሉ ግን ከእሳቱ ጋር የሚመጣጠን፣ ቅጠሉን የያዘውም ሰው የሚታወቅ ይሁን፡፡ ወዳጄ መሐንዲሱ ሒሳቡን ሊጨርስ ይችል ይሆናል፡፡ የአዛውንቱን ጥያቄ ሳይመልስ መቆፈሪያውን ቢያነሳ ግን እኔም ከአዛውንቱ ጎን ነኝ፡፡