ኮምፒውተሩ ማውሱን ሲረሳው

ካይሮ፣ ዓይን ሻምስ፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት የሥራ ውሏን ይዛ ቤቴ መጣች። አራት ገጽ ዓረብኛ ነው። ማታ ወደ አሠሪዎቿ ቤት መመለስ አለባት፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ትፈርማለች። «እህቴ፣ ምን ላይ እንደምፈርም ልወቅ» አለችኝ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ገመድ አልባው ማውስ አይሠራም፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ንቅንቅ አትልም። ላፕቶፑ ያገለገለ ስለሆነ የጣት መዳሰሻው ቀድሞ ተበላሽቷል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ባለፈው ቀን «ኮምፒውተር ያፈጥናል» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ጭኜ፣ «ድራይቨሮችን ላድስ?» ሲለኝ እሺ ብዬው ነበር።

ድራይቨር ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት የቤቱን ሹፌር ነው። በኮምፒውተር ዓለም ግን ኮምፒውተሩን ከማውስ፣ ከፕሪንተር ወይም ከካሜራ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ግብጾች «ተዕሪፍ» ይሉታል፤ ማስተዋወቅ እንደ ማለት ነው። እኔም ዓረብኛ የተማርኩ ነኝና ነገሩ የገባኝ በዚህ ቃል ነው። ኮምፒውተሩ ካላወቀው ደህናው ማውስም አይሠራም።

እህታችን ቀድማ የጠየቀችኝ «ድንጋዩ አልቆ ይሆን?» ብላ ነው። ግብጾችም የባትሪ ድንጋይን «ሐጀር» ይላሉ፤ እነሱም ድንጋይ ማለታቸው ነው። ከቴሌቪዥኑ ሪሞት አውጥተን ቀየርን፤ አልሆነም። ዓይን ሻምስ ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያንና የእኛ ሰዎች ተጎራብተው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የጥገና ሱቁ ዝግ ስለነበር ማውሱን ሱዳናዊው ጎረቤታችን ኮምፒውተር ላይ ሞከርነው። ሠራ! አዲስ ማውስ መግዛት አያስፈልግም ማለት ነው።

እናንተም ቢገጥማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፦

1. ድንጋዩን ቀይሩ። ማውሱን ገልብጣችሁ ማብሪያው መከፈቱን እዩ።

2. ፍላሽ የምትመስለውን ትንሿን መቀበያ ነቅላችሁ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩ። አጠገቧ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ አራርቋቸው፤ ማውሱ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሊረብሽ ይችላል።

3. ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ማውሱን ሌላ ኮምፒውተር ላይም ሞክሩት።

4. ሌላው ላይ ከሠራ ችግሩ ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። ያለ ማውስም ማስተካከል ይቻላል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ። በቀስት ቁልፎች «ዲቫይስ ማናጀር» ላይ ድረሱና ኢንተር በሉ፤ በዓረብኛ «ኢዳረት አል-አጅሂዛ» ነው። ታብን ተጫኑ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ ማውስ የሚለውን መስመር በቀኝ ቀስት ክፈቱ። የማውሱ ስም ላይ ሆናችሁ ሺፍትና ኤፍ 10ን ተጫኑ። «አንኢንስቶል ዲቫይስ» የሚለውን ምረጡ፤ ዓረብኛው «ኢልጋእ ተስቢት» ብሎ ይጀምራል። ድራይቨሩንም ላጥፋ የሚል ሳጥን ከመጣ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ መቀበያዋን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ኮምፒውተሩ ማውሱን እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል።

እኛም መጀመሪያ ያን ፕሮግራም አራገፍነው፣ ቀጥሎ ይህንኑ አደረግን። ቀስቷ ተንቀሳቀሰች። አንድ ሳንቲም አላወጣንም።

ሁለት ነገር አደራ። ኮምፒውተሩ የአሠሪዎቻችሁ ከሆነ ሳታስፈቅዱ አትንኩ። «ድራይቨር ያስተካክላል» እያለ በማስታወቂያ የሚመጣ ፕሮግራምም አታውርዱ፤ ድራይቨር የሚወርደው ከራሱ ከአምራቹ ገጽ ነው።

ትርጉሙ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። ደመወዙ በቃል እንደተነገራት ነው። ቃል የተገባላት የዓርብ ዕረፍት ግን ከአራቱም ገጽ አንዱ ላይ የለም። ደግማ አስነበበችኝ። ከዚያም «ዓርብ ዕረፍት» የሚለውን በዓረብኛ በወረቀት አስጽፋኝ፣ «ይህ ካልገባ አልፈርምም» ብላ ወደ ሜትሮው ሄደች።